ሽማግሌ በአውሮፕላን

አውሮፕላን ለሌላ ለሌላው ይሁን እንጂ ለሽምግልና አይሆንም! ፍጥነት ጥሩ ነው የሚላችሁ ሁሉ ሚስቱን አግብቶ የጨረሰ ሰው ነው። እኔ ግን ገና ላስጠይቅ ነበር…

እኔ ደብረ ማርቆስ፣ የማገባት ሰናይት ደግሞ ባሕር ዳር ነን። በመኪና ወገብ የሚቆርጥ መንገድ ነው፤ በአውሮፕላን ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ቀበቶ አስረው ሲፈቱ ደረሱ ማለት ነው። አጎቴ አያ ምናለ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ከቁይ ከተማ ሲመጡልኝ፣ "እነዚህን ትልልቅ ሰዎች ምን አንገላታቸው? ይብረሩ!" አልኩ። ደግነት ነበር… እሺ፣ ትንሽ ጉራም ነበረበት።

አያ ምናለ ሊሳፈሩ ሲሉ፣ እንደ ወጉ፣ ለሰናይት አባት ለጋሽ ዘውዱ ደወሉ። "ተነስተናል!" አሉ። በምን እንደተነሱ ግን አልተናገሩም። ጋሽ ዘውዱም ደምበጫን፣ ቡሬን፣ ዳንግላን በሐሳባቸው አሰሉና "ወደ ማታ ይገባሉ" ብለው ተረጋጉ። ባለቤታቸው ገበያ ወጡ፤ በጉ ግቢ ውስጥ ሣሩን ይግጣል፤ እሳቸው በፒጃማ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ፀጉራቸውን ጥቁር ቀለም መቀባት ጀመሩ።

ግማሹን እንደቀቡ በሩ ተንኳኳ። ቢከፍቱ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጋቢያቸው ሳይጨማደድ፣ የአውሮፕላን ከረሜላ እየመጠጡ ቆመዋል!

"እንደምን አደሩ?"

ጋሽ ዘውዱ በግራ ጎረምሳ፣ በቀኝ ሽማግሌ እንደሆኑ አፈጠጡ።

"አሁን ተነስተናል አላላችሁኝም?"

"በአውሮፕላን ነዋ!"

"አልመጣችሁም!" ብለው በሩን ዘጉ። "እኔ የማውቀው ገና ደምበጫ ናችሁ!"

ይህን የነገረችኝ ሰናይት ናት፤ በስልክ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልገባኝም።  በር የተዘጋበት ሽማግሌ እኮ የተዘጋ ትዳር ነው! ወዲያው ራሳቸው ጋሽ ዘውዱ ደወሉ።

"ሽማግሌዎችህ የት ደረሱ?"

ምን ልበል? ሽማግሌዎቹ እዚያው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበሉ ነው!

"እ… ፍኖተ ሰላም፣ ጋሼ።"

"ቀስ ይበሉ።"

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሌለ መኪና በአፌ ስነዳ ዋልኩ። ቡሬ ላይ ምሳ አበላኋቸው፤ እንጅባራ ላይ ዝናብ አወረድኩባቸው። "መራዊ ገቡ" ስል ግን ጋሽ ዘውዱ ጮኹ።

"ገና ነው! በጉ ገና መታረዱ ነው! ጎማ አፈንዳባቸው!"

"ፈነዳ ጋሼ!"

ለአያ ምናለም ደውዬ ከዝናቡ ሌላ ጎማም እንደፈነዳባቸው ነገርኳቸው። "እኔን ይድፋኝ!" ብለው ደነገጡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ እንደገና ተንኳኳ። ጋሽ ዘውዱ በሙሉ ልብስና በሙሉ ጥቁር ፀጉር ተቀበሏቸው።

"መንገዱ እንዴት ነበር?"

"ኧረ ተወኝ ወንድሜ!" አሉ አያ ምናለ ወገባቸውን ይዘው። "መራዊ ላይ ጎማ ፈንድቶ፣ በዚያ ዝናብ…"

ሌሎቹ ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ዘውዱ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጎማውን ያፈነዱት እሳቸው መሆናቸውን ጭራሽ ረስተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ!

"ለልጄ ብላችሁ ይህን ያህል ከተንገላታችሁማ… ሰጥቻለሁ!"

እልልታው በሰናይት ስልክ እኔ ድረስ ተሰማ። አልዋሻችሁም፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ በደስታ አለቀስኩ። እንባዬን ሳልጠርግ ጋሽ ዘውዱ ስልኩን ተቀበሉ።

"አንተ ልጅ!" አሉኝ በቁጣ። "እነዚህን የመሰሉ ሽማግሌዎች ጎማው በሚፈነዳ መኪና ትልካለህ? አታፍርም? ሲመለሱ በአውሮፕላን ነው የሚሄዱት!"