ምሳ በወረፋ ቁጥር

ዛሬ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደተሳቀብኝ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ሳቁ፣ ግን ቀስ ብላችሁ።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ባንክ ነው የምሠራው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከገላን ኮንዶሚኒየም በታክሲ ተጋፍቼ ቃሊቲ ድረስ እየመጣሁ ኤምቢኤ እማራለሁ። ካለፈው ሴሚስተር ዋርኒንግ አለብኝ። ይሄኛው ኮርስ ከተበላሸ ትምህርቱን ደህና ሰንብት ልለው ነው።

አስተማሪያችን በግሩፕ ሥሩ አለን። ሥራው ቂሊንጦ ላለ አንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ምሳ ፕላን ማውጣት ነው። የምሳ ሰዓታቸው ግማሽ ሰዓት ብቻ ናት።

እኔ ምን አደረግኩ? ሦስት ባንከሮች ፈልጌ ተለጠፍኩባቸው። እንግባባለን ብዬ ነዋ!

ከኛ ጎን ያለው ግሩፕ የተረፈ ሰው ስብስብ ነበር። ነርሷ ሲስተር ዘነበች፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ ከድጃ፣ የአቃቂው ልጅ የእንስሳት ሐኪሙ ቶሎሳ። ሲጨቃጨቁ ነው የከረሙት። እኛ እያየናቸው እንስቅ ነበር።

የኛ ግሩፕ ግን ፍቅር በፍቅር ነው። አንዱ ሐሳብ ሲያመጣ ሌሎቻችን «እኔም እሱን ልል ነበር» እንላለን።

ዛሬ ፕረዘንት ለማድረግ እኔ ወጣሁ። ሱፌን ግጥም አድርጌ ለብሻለሁ።

«ሠራተኛው ሲገባ የወረፋ ቁጥር ይወስዳል» አልኩ። «ተቀምጦ ይጠብቃል። ቁጥሩ ሲጠራ ወደ መስኮቱ ቀርቦ መታወቂያውን ያሳያል፣ ይፈርማል። አንዷ ሳህኑን ትሞላለች፣ ሌላዋ አይታ ታጸድቃለች፣ ከዚያ ይሰጠዋል።»

ቶሎሳ ከኋላ እጁን አወጣ።

«እህቴ፣ ይቅርታ፣ ሰውየው ሊበላ ነው የመጣው ወይስ ብር ሊያወጣ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ዞሬ የኔዎቹን አየኋቸው። ሦስቱም «ታዲያ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?» በሚል ፊት ስላይዱ ላይ አፍጥጠዋል። አስቡት፣ አራት ሰው ሆነን ለሽሮ ማስፈረም አንዳችንንም አልገረመንም።

አስተማሪው የመጨረሻው ሠራተኛ መቼ እንደሚበላ ጠየቀኝ። እዚያው ቆሜ አሰላሁት። ምሳው ሲደርሰው የሥራ መውጫ ሰርቪሱ ሄዷል።

ቀጥሎ የነሲስተር ዘነበች ግሩፕ ወጣ። ሠራተኛው ከጓደኞቹ ጋር ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ ትሪው ከደወሉ በፊት ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ አለ ቶሎሳ። ሲስተር የእጅ መታጠቢያው በሩ ላይ ይሁን አለች። ከድጃ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ከነድስቱ የሚለይበትን አሳየች። ለካ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ይሄ ኖሯል!

እኛ ባንከሮቹ ራሳችን ሁሌ በዕረፍት ሰዓት ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው እኮ። ማንም ቁጥር ሰጥቶን አያውቅም።

አስተማሪው ግሩፓችንን አፈረሰው። «የሚቀበላችሁ ግሩፕ ካገኛችሁ ከነሱ ጋር አሻሽላችሁ ታመጣላችሁ። ካላገኛችሁ ውጤታችሁ ይኸው ነው» አለን።

ዋርኒንጉ ትዝ አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ሲስተር ዘነበች ጋ ሄድኩ።

«ሲስተር፣ ትቀበሉኛላችሁ?»

ወንበር ሳበችልኝ። «ወጪውን የሚያሰላልን ሰው አጥተን ነው የከረምነው። አንቺን ልንጠይቅሽ ነበር፣ ግን እናንተ ስትስማሙ ስናይ መግቢያ አጣን» አለችኝ።

እውነት ለመናገር ከሳቁ ይልቅ ይሄ አመመኝ። ደስም አለኝ፣ አፈርኩም።

ከክፍል ወጥተን ካፌ ቁጭ እንዳልን የመጀመሪያ ሐሳቤን አቀረብኩ። ሦስቱም በሦስት የተለያየ ምክንያት «አይሆንም» አሉኝ።

እንዴት እፎይ እንዳልኩ አልነግራችሁም። ሰው «አይሆንም» ሲባል እንዲህ ደስ የሚለው፣ ጤና ነው ትላላችሁ?