ለእንግዳ የቀረበ ሙጫ

እንግዳ አስቀምጦ ወጥ መጣድ ነውር መሆኑን መሥሪያ ቤታችን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህም የአሣ ገበያው ድልድይ መጋጠሚያ በአዲሱ ተጣጣፊ ሙጫ በሚደፈንበት ታላቅ ዕለት፣ ክቡር ኃላፊያችን ኩዌሲ ባይዱ ሙጫው አስቀድሞ ተበጥብጦ እንግዶችን እንዲጠብቅ መመሪያ ሰጡ።

ሙጫው ድንቅ ነው። ድልድዩ በፀሐይ ሲለጠጥ አብሮት ይለጠጣል፤ ጭነት ሲያልፍበት ይተጣጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ፕሮቶኮል አያውቅም። ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልፈሰሰ ባለበት ይረጋል።

ያለን አንድ ባልዲ ነበር፤ ዝናቡም ደርሷል። መጋጠሚያው ካልተደፈነ ድልድዩ ሊዘጋ፣ አሣ ሻጮቹም ሸክማቸውን ይዘው ወንዝ ውስጥ ሊገቡ ነው።

ባለሙያዋ ኤኩዋ አርሂን ሙጫውን በጥብጣ ቆመች። በመጀመሪያ የአገሬው ባህላዊ አለቃ ቃል አቀባይ አረቄ መሬት ላይ እያፈሰሱ ሙታን አያቶችን በየስማቸው ጠሩ። ከዚያ የመድረኩ መሪ ክቡራንን በየማዕረጋቸው ሰላም አለ። አንድ ክቡር በመዘለላቸው ከሀ ተጀመረ።

«ጌታዬ፣ ባልዲው እየጋለ ነው። አሁኑኑ ካልፈሰሰ አለቀልን» አለች ኤኩዋ በኃላፊው ጆሮ።

«አንቺ ልጅ፣ ተጣጣፊ ነው አላልሽም?»

«ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ከፕሮግራሙ ጋር ይተጣጠፍ!»

ክቡርነታቸው ከባልዲው አጠገብ ቆመው ያደረጉት ንግግር ዐርባ ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ሲጨርሱ ባልዲውን በሁለት እጃቸው ገለበጡት። ጠብ የሚል ጠፋ። አፍረው ወደ ኋላ ሲሉ ባልዲው ተከተላቸው፤ ለካ በትከሻቸው ያጣፉት የክብር ልብስ፣ የኬንቴያቸው ጫፍ ገና በንግግሩ መግቢያ ላይ ሙጫው ውስጥ ገብቶ ኖሯል።

«እንግዲህ ክቡርነትዎ መጋጠሚያው ላይ ይጋደሙልና!» አሉ የአሣ ሻጮቹ አለቃ እማማ አራባ።

ሕዝቡ ሳቀ። ኤኩዋ ግን ደመናውን አይታ አለቀሰች።

የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ኬንቴውን ከሁለት ወገን አስጎትቶ፣ ሙጫው ቢጎተትም ቢታጠፍም እንደማይላቀቅ በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ። ለጥፋቱም ምክንያቱ የዝግጅት ጊዜ ማጠር ሆኖ ስለተገኘ ኤኩዋ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። አሣ ሻጮቹ አሁን እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ እየገቡ ይሻገራሉ። ይሁን እንጂ ተስፋ አለ። አዲስ ባልዲ ታዟል፤ እንዲህ ያለ ጥድፊያም እንዳይደገም፣ በሚቀጥለው ምረቃ ሙጫው ከዋዜማው ተበጥብጦ እንዲያድር ተወስኗል።