እንግዲያውስ አሁን እንጸልይ

እኛ የአሰላ ሰዎች እምቢ ማለት አንችልበትም። ብርዱን ትለምዱታላችሁ፤ ጋቢ ትደርባላችሁ፣ ካልሲ ትደራርባላችሁ፣ ያልፋል። እምቢታችንን ለይቶ ለማወቅ ግን ረጅም ጊዜ መኖር ይጠይቃል። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲለምነን «አይሆንም» ማለት ነውር ይመስለናል። ታዲያ ምን እንላለን? በተለይ እኛ ጴንጤዎቹ?

«እንጸልይበት» እንላለን።

አትሳቁ። አንድ የሁሩታ ልጅ የመዘምራናችንን አንዷን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ቤተሰቦቿ ሻይ በዳቦ አቀረቡ፣ ሽማግሌዎቹን አከበሩ፣ በመጨረሻም «እንጸልይበት» ብለው ሸኙ። ልጁ ከሌላ አገር የመጣ አይደለም፤ ሁሩታ እኮ እዚሁ ናት። ግን ፍቅር ያደነቁራል መሰለኝ፣ የምር ይጸልያሉ ብሎ አመነ። ሱፍ አሰፋ። ጾም ያዘ። ልጅቷ ሌላ ሰው አግብታ፣ ሠርጉን እኛ ሁላችን በልተን፣ እሱ ገና ይጾማል። ጎረቤቴ ደግሞ መሰላል ልትዋስ ብትሄድ «እንጸልይበት» ተብላለች። ለመሰላል! ጣሪያዋ እያፈሰሰ!

በጸሎት የማላምን እንዳይመስላችሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት በጸሎት ነው። ሌላ ምን ነበረኝና? የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እግዚአብሔርን ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ያለ ኃላፊ አስመሰልነው። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር «የሉም፣ ሌላ ቀን ይመለሱ» እንልበታለን። እሱ ደግሞ የትም አልሄደም። እኛው ነን በሩ ላይ ቆመን የምንመልሰው።

ይሄን ብሶቴን ለባልደረባዬ ለሞሚና ስነግራት፣ «እኛ ጋ ኢንሻአላህ ይሉሻል። ቢያንስ የኛ አጭር ነው፤ ቆመሽ አትጠብቂም» አለችኝ። ሞሚና ሒሳብ ታስተምራለች፣ ለሁሉም ነገር ልኬት አላት።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ የአንድ ዓመት ማሠልጠኛ ገብቼ ወጣሁ፣ ከዚያ ወዲህ ጠመኔ ይዤ አለሁ። ኅብረተሰብ ሳይንስ ነው የማስተምረው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ በመምህራን የቴሌግራም ግሩፓችን አንድ ማስታወቂያ ተለቀቀ። ለትምህርት ቤት መምህራን የተዘጋጀ የክረምት የታሪክ ጥናት ፕሮግራም። አዲስ አበባ ሄዶ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ክረምቱን ታሪክ እንዴት እንደሚጠና መማር። አንድ ገጽ ጽሑፍ ይጻፋል፣ ርእሰ መምህሩ ፈርሞ ማኅተም ያደርጋል፣ አርብ ይዘጋል።

ልቤ ዘለለ። በዚህ ዕድሜ ልብ ሲዘል ሰው መጀመሪያ ግፊት ነው ብሎ ይሰጋል። ግፊት አልነበረም።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጉዳዩን ሳነሳ የጠየቁኝን ልንገራችሁ። ደረጃ ያስጨምራል ወይ? አያስጨምርም። ዲግሪ ይሰጣል ወይ? አይሰጥም። አበል አለው? ምግብና መኝታ ብቻ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ዓይን አዩኝ። የስፖርት መምህሩ ሳቀና «ታዲያ አዴ አስናቀች፣ ምን ሊሠራልዎት ነው? ጡረታ ላይ ታሪክ ሊሸጡ ነው?» አለኝ። አዴ ማለት በኦሮምኛ ወይዘሮ፣ ኦቦ ደግሞ አቶ ማለት ነው፤ ትምህርት ቤት ሁላችንም አዴና ኦቦ እየተባባልን ነው የምንኖረው። ክብር አለው። ክብሩን ሰጥቶኝ ነው የሳቀብኝ ማለት ነው።

ምን እንደሚሠራልኝ ለእሱ አልነገርኩትም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

የትምህርት ቤታችን ደወል ባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የትራክተር ማረሻ ዲስክ ነው። በብረት ሲመታ እስከ ገበያው ይሰማል። አንድ ቀን ለሊሴ የምትባል ተማሪዬ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ይሄ ዲስክ ድሮ የማን ነበር?» አለችኝ። ምን ልበላት? አላውቅም። ጠይቄም አላውቅ። ሁለት አዛውንት ክፍል ጠርቼ ልጆቹ ይጠይቋቸው አልኩ። አንደኛው ዘበኛችን አባባ ሁንዴ፣ ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ሹፌር ጋሽ ወልዴ።

አባባ ሁንዴ «የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነው፤ ሲሰበር አይቻለሁ» አሉ። ጋሽ ወልዴ «ውሸት! ከዚያ በፊት የነበረ የባላባቱ ትራክተር ነው፤ ባላባቱ ሲሄድ የቀረ» አሉ። አባባ ሁንዴ «አንተ ያኔ የት ነበርክ?» ጋሽ ወልዴ «አንተስ ያኔ ትራክተርና በሬ መለየት ትችል ነበር?» በቃ። ከዘራ ተነሳ። ልጆቹ እንዲህ ያለ ትምህርት አይተው አያውቁም፤ ጠረጴዛ እየደበደቡ አጨበጨቡ። እኔ ጠመኔ ይዤ መሐል ቆሜያለሁ። ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም አይዋሹም። ታዲያ ሰሌዳው ላይ ምን ልጻፍ? ለሊሴ ደብተሯን ከፍታ እያየችኝ ነው።

ደወሉ ተደወለና አዳነኝ። እሷ ግን ሳትጽፍ ደብተሯን ስትዘጋ አየሁ። ይሄ ነው የማይለቀኝ። ሁለት ደኅና ሰዎች ሁለት ነገር ሲሉ፣ የተማረ ሰው ምን ያደርጋል? ማንን ይጠይቃል? የትኛውን ያምናል? ይህንን ነው መማር የፈለግሁት። ማመልከቻው ላይም ይህንኑ ጻፍኩ። የስፖርት መምህሩ ስለ ነገሥታት ካልጻፉ አይቀበሉዎትም ብሎኝ ነበር። ነገሥታቱ ደኅና ጸሐፊ አላቸው፤ የኛ ዲስክ የላትም። «አላውቅም፣ እንዴት እንደሚታወቅም አላውቅም፣ አስተምሩኝ» ብዬ ጨረስኩት።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ለተፈራ ነገርኩት። ተፈራ ደግ ሰው ነው። ሬዲዮውን ቀነሰ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ሳል ሳል አደረገው። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እንጸልይበት።»

አንተም? አልኩት በልቤ። በአፌ ግን «ምን ብለን እንጸልይ?» አልኩት። ስለ ቤቱ አነሳ። ክረምት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ማን ያበስላል፣ ልጆቹ ከዩኒቨርሲቲ ሲመጡ እናታቸውን አያገኙም። ልጆቹ እኮ ጢም ያላቸው ናቸው። እኔም ድምፄን ሳልጨምር፣ «የልጆቼ አባት፣ ጌታችን ከሞት ከተነሣ በኋላ እንኳ ባሕሩ ዳር ከሰል አያይዞ ለደቀ መዛሙርቱ ቁርስ ሠርቶ ጠብቋቸዋል። ዓሣ በዳቦ። ያንተስ ነገር ከዚህ ይበልጣል?» አልኩት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደና ከሰሉ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን!

የቀረኝ ፊርማው ነበር። ርእሰ መምህራችን አቶ ገመቹ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ ትምህርት ጽሕፈት ቤትን ደግሞ ከዚያ ትንሽ በለጥ አድርገው ይፈራሉ። ሰኞ ገባሁ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ቀና ብለው «እህት አስናቀች» አሉኝ።

አለቀልኝ። ቢሮ ውስጥ አዴ ካሉኝ ሥራ ነው፤ እህት ካሉኝ እምቢታ እየመጣ ነው።

«ለወጣቶቹ ዕድል ብንሰጥስ?» አሉ። ወጣቶቹ አንፈልግም ብለዋል አልኩ። «ታሪክ ደግሞ በዚህ ጊዜ ጣጣ አለው። ሰው የሚጣላበት ነገር ነው። ባይነካስ?» ሳንማረውም እየተጣላንበት ነው፤ ከዘራ ያነሡትን እኔ ነኝ የገላገልኩ አልኩ። መስኮቱን አዩ። «እንጸልይበት እህቴ» አሉኝ።

ማክሰኞ ሄድኩ፤ እየጸለዩበት ነው። ረቡዕ ሄድኩ፤ ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ቁልፍ ሌላ ሰው ዘንድ ነው፣ ጸሎቱም አልተቋረጠም። ሐሙስ ጠዋት በር ላይ አዩኝና ከሩቅ ራሳቸውን ነቅንቀው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። እኔ ትዕግሥተኛ ነኝ። ሰው ሁሉ ይመሰክርልኛል። ነገር ግን ትዕግሥትና ሞኝነት ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ አንዳንዴ በር ያሳስታሉ። ሐሙስ ዕለት የትኛው ቤት እንደገባሁ ገባኝ።

ማታ ብቻዬን ጸለይኩ። እንደ እውነቱ ከሆነ ስጸልይ ነው የሰነበትኩት። ካልፈለግህ ንገረኝ፣ እተወዋለሁ፤ ግን አንተው ንገረኝ፣ በሰው አትላክብኝ አልኩት።

አርብ ረፋድ ላይ ገባሁ። ሞሚና የፈተና ወረቀት ልታስረክብ ከኋላዬ ገባች። አቶ ገመቹ ገና ሲያዩኝ፣ «እህት አስናቀች፣ ማሎ፣ እንጸልይበት አላልኩዎትም?» አሉ። ማሎ ማለት እባክሽ ነው፤ ከልባቸው ነው ያሉት።

«ብለውኛል» አልኩ። «እንግዲያውስ አሁን እንጸልይ።»

«አሁን?»

«ሁለታችንም አለን። እሱም አለ። ማንን እንጠብቃለን?»

መልስ ሳልጠብቅ ነጠላዬን ራሴ ላይ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነሥተዋል። ምን ያድርጉ? ሽማግሌ ናቸው፤ ጸሎት ተጀምሮ መቀመጥ አይችሉም። ሞሚና በኋላ እንደነገረችኝ የሱፍ ቆባቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል፣ አንድ ዓይናቸው ግን ክፍት ነበር።

ጸለይኩ። በጸሎት ላይ አንቱታ የለም፤ በጌታ ፊት ሁላችን አንተና አንቺ ነን። «አባት ሆይ፣ ወንድሜ ገመቹን ስለ ሰጠኸን ተመስገን። ደክሟል፣ አበርታው። ሁላችንንም ሊያስተዳድር ሲል ሁሉንም ይፈራል፣ ፍርሃቱን አንሣለት። አሁንም ፈቃድህን ማወቅ እንፈልጋለን። እንድሄድ ፈቃድህ ካልሆነ፣ እስክሪብቶው ይድረቅ። ማኅተሙ ይጥፋ። እጁ አይታዘዘው። እኔም ዳግመኛ አልጠይቅም። ፈቃድህ ከሆነ ግን፣ ጌታ ሆይ፣ ዛሬ አርብ ነው፣ አንተም ታውቃለህ።»

«አሜን» አሉ። ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው። የዓመታት ልማድ ነው፤ ሲዘጋ አሜን ይባላል።

ዓይኔን ገለጥኩና ወረቀቱን አስጠጋሁላቸው።

አንዳንዱ ሰው ይሄን ሲሰማ ጠልፈሽ ጣልሻቸው ይለኛል። አይደለም። ይደርቅ ያልኩት ከልቤ ነው። አቶ ገመቹ እስክሪብቶውን እንደ ትኩስ ነገር በሁለት ጣት አነሡት። ቢደርቅስ? ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ወረቀቴን ይዤ እወጣለሁ፣ ለሊሴም ባዶ ደብተሯን ይዛ ወደሚቀጥለው ክፍል ታልፋለች። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ነካ።

ጻፈ። እንዲህ ደማቅ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም። አቶ ገመቹ እስክሪብቶውን አገላብጠው አዩት፣ እኔን አዩ፣ መሳቢያውን ሳቡት። አልተቆለፈም ነበር። ማኅተሙ እዚያው ተቀምጧል። ግጭ! አደረጉት፤ ጠረጴዛው ተነቃነቀ።

ሮጬ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። መብራት ነበር። ስለ መብራቱ መኖር ብቻ ራሱን የቻለ ምስክርነት በጉባኤ ልሰጥ ይገባኛል። የቤቱ ልጅ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ ደርሶናል የሚል መልስም መጣ።

ተቀበሉኝ ወይ? እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ ክረምቱም ገና ነው። እምቢ ካሉኝ ይበሉ። ጽሑፌን ያነበበ ሰው፣ በገዛ ስሙ ፈርሞ፣ «አስናቀች፣ አይሆንም» ይበለኝ። እንዲህ ያለ እምቢታ ያከብረኛል፤ እኔም በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመልክቼ አከብረዋለሁ። በእግዚአብሔር ስም የተላከ እምቢታ ግን ከእንግዲህ ከእሱ ከራሱ ካልሰማሁት አልቀበልም።

አቶ ገመቹ ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል። ወረቀት ይዞ የገባ መምህር ሳይቀመጥ ይፈርሙለታል። በቀደም ሞሚና የፈቃድ ወረቀቷን በብብቷ ይዛ ገባች። ውጭው ውርጭ ነበር። ገና በሩ ላይ ቆማ ሁለት መዳፏን ወደ ፊቷ ከፍ ስታደርግ፣ አቶ ገመቹ ከወንበራቸው ተነሡ፤ «ማሎ አዴ ሞሚና፣ አይጀምሩ! ያምጡት፣ ያምጡት!» ብለው ሳያነቡ ፈረሙላት።

ምን ብለሽ ልትለምኚ ነበር? አልኳት።

«ምንም» አለችኝ። «እጄ ቀዝቅዞ ትንፋሽ ላሞቀው ነበር።»