የደብረ ኤልያስ መልስ የት ገባ?

መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲጠፋ «የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። እኛ የምንጠይቀው «ማን ወሰደው?» ብለን ነው። ማኅተም ቢጠፋ፣ ፋይል ቢጠፋ፣ የሻይ ብርጭቆ እንኳ ቢጠፋ መጀመሪያ የሚፈለገው ዕቃው አይደለም፤ ሰውየው ነው። ሰውየው ከተገኘ ዕቃው ባይገኝም ግድ የለም፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ሁሉም ወደየወንበሩ ይመለሳል። አትፍረዱብን። ዕቃ መፈለግ መጎንበስ አለበት፣ አቧራ አለበት። ሰው መጠርጠር ግን ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። እኔም ከሌላው የተሻልኩ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም የዚህ ወግ ዋና ተጠራጣሪ እኔ ነኝ። የእኔ ጥርጣሬ ከሌላው የከፋውም በወረቀት ታትሞ ስለወጣ ነው።

ደብረ ማርቆስ፣ በአንድ የመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። በዙሪያችን ያሉ ጽሕፈት ቤቶች ኢንተርኔት ገብቶላቸው ጥያቄያቸውን በሰው እጅ መላክ የተዉበት ሰሞን ነው። እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የራሱ ፕሮግራም አለው፤ ማርቆስ ደግሞ ዋናው መዝገብ አለ። በመካከላቸው ሆኖ መልእክት የሚቀበል፣ አድራሻውን አይቶ ወደሚገባው ቦታ የሚያደርስ ሌላ ፕሮግራም ነበረን። ባለሙያዎች «ሰርቪስ ባስ» ይሉታል፤ እኛ አሳጥረን «ባሱ» አልነው። በዚህ ስም የተነሳ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ታርጋውንና የሹፌሩን ስም እንዳስመዘግብ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ባይገባቸውም ብዙ አልተሳሳቱም፤ የትኛው መልእክት ወዴት እንደሚሄድ የሚያዘውን ትእዛዝ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ስጽፈው አንድ ችግር ገጥሞኛል። የእኛ ሰው የቦታ ስም የሚጽፈው እንደወደደው ነው። አንዱ «መርጡለ ማርያም» ይላል፣ ሌላው «መርጦ ለማርያም»፣ ሦስተኛው ሁሉንም አጣብቆ ይገላገላል። ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ፊደል ከተለወጠበት አላውቅህም ባይ ነው። ስለዚህ ባሱ የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ብቻ አይቶ እንዲመድብ አደረግሁት። «መር» ካለ ወደ መርጡለ ማርያም፣ «ደብ» ካለ ወደ ደብረ ወርቅ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለወራት ያለ እንከን ሠራ። እኔም በብልሃቴ ኮራሁ። ኋላ ላይ ደብረ ኤልያስ ተጨመረች። ነገሩ ከወዲሁ የገባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ዝም በሉ፤ እኔ ገና አልገባኝም ነበር።

ወይዘሮ እናኑ የደብረ ኤልያስ ገበሬ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመሬቱ ደብተር ወደ እሳቸው ስም እንዲዛወር አመልክተው ነበር። የባላቸው ወንድም ግን «ደብተርሽን አሳዪኝ» እያለ መሬቱን ያርሰዋል። ደብተሩ እስኪመጣ ቀበሌውም «ጠብቂ» ከማለት በቀር ምንም አላደረገላቸውም። ማርቆስ ጉዳዩን አይቶ አጽድቆ መልሱን ልኳል። ደብረ ኤልያስ «አልደረሰንም» አለች። ሰኔ ገባ፤ ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ እየቀረበ ነው። ሴትዮዋ ለሦስተኛ ጊዜ በሚኒባስ መጥተው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

የባሱን መዝገብ ከፈትኩ። ከማመልከቻ ቁጥራቸው ጎን አንድ ቃል ተጽፏል፤ «ደርሷል»።

«እኔስ ጠርጥሬ ነበር፤ መሪጌታ ናቸው የያዙት» አሉ ወይዘሮ እናኑ።

መሪጌታ ያሏቸው አቶ አለልኝን ነው፤ በደብረ ኤልያስ ጽሕፈት ቤት መልእክት የሚቀበሉትን ሰው። በወጣትነታቸው ብዙ ዘመን ቅኔ ሲማሩ ኖረው ኋላ የመንግሥት ሥራ የገቡ ናቸው። ማዕረጉን ቤተ ክርስቲያን አልሰጠቻቸውም፤ አገሩ ነው የሰጣቸው። ከወይዘሮ እናኑ ባል ወንድም ጋር ደግሞ አንድ የጽዋ ማኅበር ይጠጣሉ። ይህን ስሰማ ነገሩ ሁሉ ፍንትው ብሎ ታየኝ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? «ደርሷል» የሚለውን አትሜ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ለኃላፊው አቀረብኩ። በሳምንቱ መሪጌታ ከጠረጴዛቸው ተነስተው፣ ጉዳዩ እስኪጣራ፣ አሮጌ ፋይል የተከመረበት መጋዘን ውስጥ ተመደቡ። የከተማው ሰው ደግሞ ማጣራቱን አልጠበቀም። በማኅበሩ እንኳ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ ሲሉ ሰማሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ይገባቸዋል» ብዬ ነበር።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ማርቆስ ላይ ተሰበሰበ፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። መሪጌታ በኮታቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። መልሱን አላየሁም አሉ። ሰብሳቢው ወረቀቴን አቀበሏቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡ ቆዩና ወደ ሰብሳቢው ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ደርሷል ይላል። የት ነው የደረሰው?»

ማሽን እንደ ሰው እንደማይዋሽ አስረዳኋቸው።

«ማሽኑን አላማሁም፤ የጠየቅሁት ስለ ቃሉ ነው። ደርሷል የሚል ሰው ቦታ መጥራት አለበት። እኛ ጉባኤ ቤት እንዲህ ያለ ጎዶሎ ይዞ የመጣ ተማሪ ሞልተህ ና ተብሎ ይመለስ ነበር።»

የኮሚቴው አባላት ተያዩ። ቅኔ የተማረ ሰው ሲናገር ሁላችንም ከቃሉ ሥር ሌላ ነገር እንፈልጋለን፤ ሰውየው ቃል እያጣመሙ ሊያመልጡ ነው ብለን አሰብን። ሰብሳቢው ይህ የቅኔ ቦታ እንዳልሆነ አሳሰቡና ለሳምንት ቀጠሩ።

እኔ ግን ተናደድኩ። ቦታውን ጨምሬ አትሜ ላሳፍራቸው ቢሮዬ ተመለስኩ። ባሱን መድረሻውንም እንዲያወጣ አዘዝኩት። «ደብረ ወርቅ» አለኝ።

አሁንስ ራሴን የጠረጠርኩ መሰላችሁ? የደብረ ወርቋን ጸሐፊ ጠረጠርኩ። ስልክ ደውዬ በቁጣ ጠየቅኋት። ልጅቷ በትሕትና ፕሮግራሙ የማያውቀውን የማመልከቻ ቁጥር ለብቻው ወደ አንድ ሳጥን እንደሚጥል፣ ያንን ሳጥን ክፈቺ ያላት ሰው ግን እንደሌለ ነገረችኝ። ክፈቺው አልኳት። የደብረ ኤልያስ መልሶች ሁሉ እዚያ ተከምረዋል፤ የወይዘሮ እናኑም አለ። ስልኩን ዘግቼ የጻፍኩትን ትእዛዝ አየሁት። «ደብ» ይላል። ደብረ ወርቅም ደብ፣ ደብረ ኤልያስም ደብ። 

በዚያው ዕለት ትእዛዙን አስተካክዬ መልሶቹን እንደገና ላክሁ። ኃላፊዬ ደግ ሰው ናቸው። «ሲስተሙ ተሻሽሏል ብለህ ጻፍ፤ መሪጌታም ይመለሳሉ፣ አንተም ትተርፋለህ» አሉኝ። ልጽፈው ጀምሬ ነበር። ነገር ግን «ተሻሽሏል» በሚለው ቃል መሪጌታ ከመጋዘን ይወጣሉ እንጂ ከሰው ጥርጣሬ አይወጡም። ቀደድኩትና ስህተቱን የሠራሁት እኔ መሆኔን፣ መልሱም ደብረ ወርቅ መግባቱን በስሜ ፈርሜ አስገባሁ።

ኮሚቴው መሪጌታን ወደ ቦታቸው መለሰ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ይህ ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሰብሳቢው ለብቻዬ ጠርተው፣ በሩን ዘጋ አድርገው፣ ከመሪጌታ ጋር በእናቴ ወገን ነው ወይስ በአባቴ የምንገናኘው ብለው ጠየቁኝ። ስለ ሁለቱ ፊደላት ባስረዳ ባስረዳ አልገባቸውም። ሰው በገዛ እጁ ጥፋት የሚሸከመው ለዘመድ ካልሆነ ለማን ነው?

ለወይዘሮ እናኑ ደብተራቸው ለዘር ደረሰላቸው፤ የባላቸው ወንድምም በሬዎቹን ነድቶ ወጣ። ሊያመሰግኑኝ ማርቆስ ድረስ መጡ። ሊሄዱ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ጥፋቱን ለዘመድህ ብለህ እንደተሸከምክ አውቃለሁ። አልቀየምህም» አሉኝ።

እኔ ደብረ ኤልያስ ሄጄ መሪጌታን ይቅርታ ስጠይቅ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሳቁ። ቀጥሎም ወሬውን ማጥፋት እንደማይቻል፣ ማስተካከል ግን እንደሚቻል፣ የልጅ ልጃቸውም በመጪው እሑድ አርባ ቀኑ መሆኑን ነገሩኝ።

«የክርስትና አባት ሁነው፤ ሰውም በከንቱ አይማን» አሉ።

እሑድ ጠዋት ሕፃኑን ታቅፌ ከቤተ ክርስቲያኑ ስወጣ ወይዘሮ እናኑ ከሴቶቹ መካከል ቆመው ነበር። እኔን አዩ፣ ሕፃኑን አዩ፣ መሪጌታን አዩ። ከዚያም አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ጆሮ ጎንበስ አሉ፣ ነገሩን ገና ድሮ እንዳወቀ ሰው።