ወደ ጸሐይ ቤት ያመለከተው ቀስት

ይህን ነገር የነገረችኝ ጎረቤቴ አሰለፈች ናት፤ የመኮንን ሚስት። ለማንም ትንፍሽ እንዳልል በማርያም አስምላኛለች። እኔም መሐላዬን ጠብቄ ይኸው ለእናንተ ብቻ ነው የምናገረው። ደግሞ ግማሹን በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁና መሐላው እዚያኛው ግማሽ ላይ አይሠራም።

መንገድ የሚያውቅ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጠይቆ ያውቃል፤ ሌላው ላለመጠየቅ ሲል ያውቃል። ሴት ከሳተች ወርዳ ትጠይቃለች፤ ወንድ ከሳተ ነዳጁ እስኪያልቅ የሳተውን መንገድ ለማቃናት ይታገላል። እኔ የመንገዱን ስም ከታፔላው ላይ ማንበብ ስለማይሆንልኝ የማውቀው በምልክት ነው። ከጎማ ሱቁ በኋላ፣ ያ የተንጋደደው የፖስታ ሳጥን ጋ፣ ውሻ ከሚጮህበት ቤት ማዶ። በዚህ አያያዜ ዐሥር ዓመት ሙሉ በዚህ በፈረንጅ አገር፣ ሴንት ፖል የሚባለውን ከተማ በአውቶቡስም በእግሬም ዞሬያለሁ፤ አንድ ቀን ያልገባሁበት ቤት የለም፤ ጠፍቼም አላውቅም። ይህን ስላችሁ ለመመካት አይደለም። ያን ጠዋት ምን ይጠቅመኝ እንደነበር እንድታውቁት ነው።

መኮንን ኤደን ፕሬሪ በሚባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ዓመታት አልፈውታል። አብረውት የሚሠሩት ፈረንጆች አንድ የበረዶ ወራት ዓሣ እናጥምድ ብለው ወሰዱት። እዚህ ሐይቁ ይረጋል፤ በላዩ ላይ መኪና ይነዳበታል። በረዶውን በመሰርሰሪያ ይበሱና በቀዳዳው ክር ሰደው ቁጭ ይላሉ፤ ሰው በገዛ ገንዘቡ ብርድ ሲገዛ ያየሁት እዚህ አገር ነው። ታዲያ ዓሣ የተገኘበት ቀዳዳ በማግስቱ ስለሚደፈን ቦታውን የሚያስታውስላቸው መሣሪያ አላቸው፤ ጂፒኤስ ይሉታል። የቴሌቪዥን ሪሞት የሚያህል፣ አጭር አንቴና ያለው ጥቁር ነገር ነው። ሰማይ ላይ ካሉት ሳተላይቶች ጋር ይነጋገርና የቆማችሁበትን ቦታ "ማርክ" ስታደርጉት በስሙ ይይዝላችኋል። ሌላ ቀን ስሙን ስታወጡለት ቀስት ያሳያችኋል፤ ይህን ያህል ቀራችሁ ይላል። ካርታ የለውም። መንገድ አያውቅም። መሐል ላይ ወንዝ ይኑር ግንብ ይኑር ግድ የለውም። ቀስት ብቻ ነው።

መኮንን ከዚያ በረዶ ላይ ሲመለስ ሁለት ዓሣና አንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ መጣ። ዓሣውን በላነው፤ መሣሪያው በላን።

ማርክ ያላደረገው ቦታ የለም። ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ፍሮግታውን ሰፈር ያለውን ሥጋ ቤት፣ የእኔን በር ሳይቀር። "እትዬ ዘነቡ፣ ከእንግዲህ አንቺ ብትጠፊ እንኳ ቤትሽ አይጠፋም" ይለኛል። ለስምንት ዓመት ወደተመላለሰበት ሱቅ ሲሄድ ያን ነገር ከፊቱ ሰክቶ ነው። አሰለፈች አንድ ቀን፣ "እኔንም ማርክ አድርገኝ፣ ኩሽና ውስጥ ስንት ዓመት ጠፍቼብሃለሁ" አለችው።

"ቤት ውስጥ አይሠራም" አላት፤ "ሰማዩን ማየት አለበት።"

"እንግዲያው እንደኔ ነው" አለች።

ስንስቅ አንድ ነገር አለፈን። የሁላችንም አድራሻና ስልክ የተጻፈባት አሮጌ ደብተር ነበረችው፤ ለለቅሶም ለሠርግም የምትወጣ። ያቺን ደብተር ከእንግዲህ ምን ትሠራለች ብሎ ጣላት።

አሁን ወደ ጸሐይ ልምጣ። ጸሐይ ከወንዙ ማዶ፣ ቡርንስቪል፣ ከባሏ ከግርማ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። ልጅ የምላት ለእኔ ነው፤ ሠላሳ አልፏታል። ከሦስት ዓመት በፊት አባቷ አገር ቤት ሲሞት አንዱ ዘመዷ ሳያስብ በስልክ ነገራት። ብቻዋን ነበረች። በዚያው ሳምንት በሆዷ የነበረው ልጅ ወረደ። ያኔ ሐጂ ዑስማን፣ "ይህች ልጅ ሁለተኛ ብቻዋን መርዶ አትሰማም" አሉ። ሐጂ አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ናቸው። ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ቤት መርዶ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ፤ ቃሉን እንደ ሕፃን አቅፈው ነው የሚያስቀምጡት። ጸሐይ አባባ ነበር የምትላቸው።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የጸሐይ እናት ማረፋቸው ለመኮንን ተደወለ። ጸሐይ እንደገና ስድስት ወሯ ነበር።

የኛን ሰው ልማድ ታውቃላችሁ። መርዶ በጠዋት ነው። የዛሬን ሌሊት እንኳ ትተኛ፣ እራቷን ትብላ ተባለ። ነገር ግን ሰዓቱ ጠባብ ነበር። ጸሐይ እሑድ እሑድ ጠዋት፣ በፈረንጁ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በካርድ ለእናቷ ትደውላለች። ያን እሑድ ብትደውል ስልኩን የሚያነሳው ለቀስተኛ ነው። ግርማ ደግሞ ሌሊት ሠራተኛ ነው፤ ሥራው ቦታ ደውለው ሲነግሩት፣ "እኔ ቤት እስክደርስ ሰባት ተኩል ይሆናል። እናንተ ቀድማችሁ ግቡልኝ፤ ብቻዋን እንዳትሰማው" ብሎ ለመነ። እንግዲህ ያለን ነገር ይኸው ነበር። ከሰባት ሰዓት በፊት አጠገቧ መቀመጥ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወጣን። መኮንን ይነዳል፤ ሐጂ ከጎኑ፤ እኔና አሰለፈች ከኋላ፣ በካፖርታችን ላይ ነጠላችንን አዘቅዝቀን። ያ ቀስት ከፊታችን ያበራል። ወንዙን እስክንሻገር ሃይዌዩን ስለሚያውቀው ችግር አልነበረም። ቡርንስቪል ስንገባ ግን ከመንገዱ ዓይኑን አንሥቶ ቀስቱ ላይ ተከለ።

እኔ ጸሐይ ጋ ሦስት ጊዜ በአውቶቡስ ሄጃለሁ። የጎማ ሱቁን ስናልፍ፣ "እዚህ ጋ ወደ ግራ ነው" አልኩ።

"ቀስቱ ወደ ቀኝ ነው የሚለው፣ እትዬ።"

"እኔ እኮ ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ ነው የመጣሁት። ያውልህ የተንጋደደው የፖስታ ሳጥን።"

"አንቺ በአውቶቡስ ነው የምታውቂው" አለኝ፤ "ይሄ በሳተላይት ነው።"

ሐጂ ከንፈራቸው ዱዓ ላይ ነበር። አሰለፈች በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ ለመርዶ እየሄዱ መጨቃጨቅ ነውር ነው ማለቷ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያን ጠዋት ነቀዘ።

ያ ግቢ አፓርትመንቱ ሁሉ አንድ መልክ ነው፤ ቡናማ ጡብ፣ አንድ ዓይነት በረንዳ፣ አንድ ዓይነት የቆሻሻ ማጠራቀሚያ። ፎቆቹ ዙሪያውን ሆነው መሐላቸው ኩሬ አለ፤ ገና ስስ በረዶ ለብሷል። መኮንን አንዱ ሕንፃ ፊት ለፊት ፓርክ አደረገና መሣሪያውን ወደ ሐጂ ዘወር አድርጎ አሳያቸው። "ደርሰናል። የሚቀር ነገር የለም።" ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሐጂ "ማሻ አላህ" አሉ። እኔም በልቤ አፈርኩ፤ ሳተላይቱን ስለተጠራጠርኩት።

አንዲት የልብስ ማጠቢያ ቅርጫት የተሸከመች ሴት ስትወጣ በሩን ያዘችልን። ሁለተኛ ፎቅ ወጥተን ወደ ግራ ሄድን። ቁጥሩም ልክ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ቁጥሩን እንኳ በየሕንፃው አንድ ዓይነት ነው የሚያደርጉት። ሐጂ ጉሮሯቸውን አሰናድተው በቀስታ አንኳኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ በካናቴራ ያለ ሽማግሌ ፈረንጅ ከፈተ። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ የያዙትን ሐጂን አየ፣ የእኛን ነጠላ አየ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "የሃይማኖት ስብከት ከሆነ አልፈልግም" ብሎ ዘጋው።

ወረድን። መኮንን ከደጅ ቆሞ መሣሪያውን ወደ ሰማይ ከፍ ዝቅ ያደርግ ጀመር። እኛም ምን እናድርግ፤ በመንገድ መብራቱ ሥር ተደርድረን አንጋጠን እናየዋለን። "ጸሐይ ብዬ ራሴ ነው ማርክ ያደረግሁት" ይላል። "ይኸው ስሟ። ይኸው ቦታው። ሌላ ሰው ገብቶበት ይሆን?"

እኔ ወደ ኩሬው ዞርኩ። ከማዶ፣ ከሌላው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሰማያዊ መጋረጃ አየሁ። ያን መጋረጃ ጠርዙን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ውስጡ መብራት አለ።

"እዚያ ነው" አልኩ። "ማዶ ነው።"

"አይሆንም" አለ መኮንን።

"መኮንን፣ መጋረጃዬን አላውቅም ወይ?"

ሰዓቱን አየሁ፤ ለሰባት ዐሥራ አምስት ጉዳይ። ጊዜ አለን አልኩ። በኩሬው ላይ ቢኬድ ሁለት ደቂቃ ነው፤ በረዶው ግን ድመት አይሸከምም። ዙሪያውን እንሂድ ስንል መጋረጃው ተገለጠ። ጸሐይ በሌሊት ልብሷ ቆማ ወደ ውጭ አየች። ወደ እኛ አየች። ከዚያ ከመስኮቱ ዞር አለችና ስልኩን ይዛ ተመለሰች፤ ስታናግር በመስተዋቱ ይታየናል፣ ለብርዱ የተደረበ የክረምት መስኮት ስለሆነ ግን ድምፅ የለም። አሰለፈች እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሐጂ እያነከሱ በበረዷማው ሣር ላይ መሮጥ ጀመሩ፤ እኔ ሐጂ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ቀና ብዬ ሳይ መስኮቱ ባዶ ነበር።

ደርሰን ደወሉን ብንጫን የሚከፍት የለም። እዚያው ደጅ ላይ ቆመን አርባ ደቂቃ ያህል ግርማን ጠበቅነው። እሱ በቁልፉ ሲከፍት ጸሐይ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የስልኩ ሽቦ ጉልበቷ ላይ ተጠምጥሟል። ማልቀስዋን ጨርሳለች። ሐጂ አጠገቧ ሊቀመጡ ሲያጎነብሱ ያለችውን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ስተኛም ይሰማኛል።

"አባባ፣ ነጠላውን አየሁ" አለች። "ተዘቅዝቆ። ሰዓቱ ገና ነበር። ማን እንደሞተ ለማወቅ ነው የደወልኩት።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ብቻዋን እንዳትሰማ የሄድንላትን፣ ከማዶ ቆመን በመብራት ነገርናት። ሐጂ ያዘጋጁትን ቃል አልተናገሩም። ለማን ይናገሩታል? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

አሰለፈች በመሐላ የነገረችኝ የቀረው ይኸውና። ጸሐይ ቤቱን የተከራየች ጊዜ፣ ከዚያ ኅዳር በፊት በነበረው በጋ፣ ጠርታን ነበር፤ ያን ቀን እኔ ቀደም ብዬ በአውቶቡስ ተመልሻለሁ። ቦታ ስለጠፋ መኮንን መኪናውን ያቆመው ከኩሬው ማዶ ነው። ሲገባ ማርክ ማድረጉን ረስቶታል። ሲወጡ ጸሐይና ግርማ ሊሸኟቸው ተነሡ። ግቡ ይበቃል ሲባሉ፣ እስከ ደረጃው ብቻ አሉ። ከደረጃው፣ እስከ በሩ። ከበሩ፣ እስከ ኩሬው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የኛ ሰው ስንብት እንኳን ኩሬ ባሕር ቢሆን ይዞራል። መኪናው ጋ ደርሰው፣ ተሳስመው፣ እንደገና ተሳስመው፣ ጸሐይ "እንግዲህ ቤቱን እንዳትረሱት" ስትለው፣ መኮንን ጠጁ ሞቅ አድርጎት፣ እየሳቀ መሣሪያውን አወጣና "ይኸው ያዝኩሽ" ብሎ ተጫነው።

መሣሪያው አልዋሸም። እስከ ሸኘቻቸው ድረስ አደረሰን።

መኮንን ያን ነገር ባትሪውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ጥሎታል። አሰለፈች አንድ ቀን ባትሪ ጨምራ ከፈተችው፤ የጸሐይ ስም አሁንም አለ። ሐጂ ዑስማን ከዚያ ወዲህ ለማንም መርዶ አልተናገሩም፤ ባለፈው ክረምት አረፉ። ማረፋቸውን ለጸሐይ የሚነግራት ሰው አልተገኘም፤ ከቡርንስቪል ለቅቃለች፣ የት እንደገባችም ለአንዳችንም አልነገረችም። እኔ አሁንም በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ወንድ ልጅ በሰላም መውለዷን ከሰው ሰምቻለሁ።

ስሙን አላውቅም።