ቢጫ ግንባሯና ባለ ሦስት እግሩ መነጽር

ከአንዲት ደሴት ውጭ በዓለም ላይ ዘመድ የሌላቸው በቀቀኖች አሉ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የደሴቷ ዛፍ ካለቀ እነሱም አለቁ፤ ሻንጣ ይዘው የሚጠጉባት አክስት የላቸውም። ይህን ሳነብ ከንፈሬን መጠጥኩ፤ ለሩቅ ወፍ ከንፈር መምጠጥ ምን ያስከፍላል? በኋላ ነው የእኛዋ ቢጫ ግንባር በቀቀን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም እንደሌለች ያወቅኩት። ለካ እኛ ባሕር የለንም እያልን ስናዝን፣ እሷ ዙሪያዋን በቤትና በአጥር ተከባ ደሴት ላይ ኖራለች።

ሃያ ምናምን ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በቀቀን በጠመኔ ስዬ አውቃለሁ እንጂ በዱር አይቼ አላውቅም ነበር፤ አያሳፍርም? እናም ከሰበታ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ትልቅ ዝግባ ላይ የበቀቀን ጩኸት ስሰማ ቅዳሜዬን ሁሉ ለእሱ ሰጠሁ። ችግሩ፣ ግንባሯ ቀይ የሆነ ሌላ ትንሽ አረንጓዴ ወፍም አለች። ከታች ላንጋጠጠ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፣ ሁለቱም እየጮኹ እልም ይላሉ። ስለዚህ ግንባሯን ማየት ነበረብኝ። ከወዳጄ ሦስት እግር ያለው ረጅም መነጽር ተዋስኩና ዝግባው ካለበት ማሳ ዳር ተከልኩት።

ልብ በሉልኝ፤ ጊዜው ማስተር ፕላን የሚለው ነገር ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ አገሩን ያስቆጣበት ጊዜ ነው። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ልጇ ወጥቶ የቀረባት እናት በየሰፈሩ አለች። በዚህ መሃል ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ የሰው ማሳ ላይ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ አነጣጥሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ቀና ብሎ ደግሞ ደብተር ላይ ይጽፋል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔም ቀያሽ ነው እል ነበር። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ሰው ከቆመ፣ ችካልና ግሬደር ከኋላው ይመጣሉ።

ስድስት ሰዎች ዱላ ይዘው መጡ። ከፊት የማሳውና የዝግባው ባለቤት ኦቦ ደቻሳ ነበሩ፤ ሰባን ያለፉ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ። ነገር ግን የዚያ አገር ሰው ሊመታህ ቢመጣ እንኳ ሰላምታ አይዘልም።

«አካም ቡልቴ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርክ መሆኑ ነው።

«ነጋዳ፣ ገለታ ዋቃ!» አልኩ፤ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ድምፄ ግን ደህና አልነበረም።

ከዚያ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። ሰላምታ ሲረዝም የምሰለች ሰውዬ፣ የዚያን ቀን ጥጃዎቹን አንድ በአንድ ስጠይቅ ብታዩኝ! ገብሱ እንዴት ነው፣ የታመመው በሬ ተሻለው ወይ? (በሬ መታመሙን ማን ነግሮኝ!) ትከሻ ላይ የነበረው ዱላ ቀስ በቀስ መመርኮዣ ሆነ። በመጨረሻ አንዱ ጎልማሳ ትዕግሥቱ አለቀና ደብተሬን ነጥቆ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ርቀት፣ ሰማንያ ሜትር። የዛፉ ቁመት… ይኸው! ለክቶታል!»

ኧረ የት ልግባ! የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ምን ልበል?

«መምህር ነኝ፤ ወፍ ነው የምፈልገው» አልኩ። ሳቁብኝ። አልፈርድባቸውም፤ አገር ሲታመስ ወፍ!

ኦቦ ደቻሳ ብቻ አልሳቁም። «እንግዲያው ወፏን አሳየኝ። ከሌለች ግን ይሄን መሣሪያህን ይዘህ አትሄድም፤ አንተም እንዴት እንደምትሄድ እንጃ» አሉ።

መነጽሩን ጩኸቱ ይወጣበት በነበረው የዝግባው ግንድ ቀዳዳ ላይ አስተካከልኩ። ባዶ ነው። ጠበቅን። በሕይወቴ የማንንም መምጣት እንደዚያ ለምኜ አላውቅም። ከዚያ ያ ጩኸት ተሰማና አንዷ መጥታ ቀዳዳው አፍ ላይ አረፈች። እኔው ልይ ብዬ ጎንበስ ካልኩ በኋላ ነው ዱላዎቹ ትዝ ያሉኝ።

«እርስዎ ይዩ» አልኳቸው። አጎነበሱ። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አላስችል ቢለኝ «ግንባሯ ምን ዓይነት ነው፣ ኦቦ?» አልኩ።

«ቢጫ። እንደ አደይ አበባ ቢጫ! ከልጅነቴ ጀምሮ ስትጮህብኝ የኖረችው ይቺ ናት?»

ተመስገን! እዚያው ሣሩ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ፤ በአንድ ቃል ወፊቱም ታወቀች፣ እኔም ተረፍኩ። ባለ ዱላዎቹ ዱላቸውን አጥር ላይ አስደግፈው ለማየት ተሰለፉ። ደብተሬን የነጠቀኝማ ተራውን አልለቅም ቢል ተቆጡት።

ከዚህ አገር ሌላ የትም እንደማትገኝ ነገርኳቸው። ኦቦ ደቻሳ «እንደኛ ናት በላ» አሉ። ከዚያ ወደ ደብተሩ እያዩ «ለማን ነው የምትጽፈው?» አሉኝ።

«ወፍ ለሚያጠኑ ሰዎች። የት እንዳለች እንዲያውቁ።»

«መምህር፣ የተጻፈ ቦታ ሰው ይመጣበታል። መጀመሪያ ሊያይ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሊያጥር። ያን ጊዜ እሷም የለች፣ እኔም የለሁ። ወፏን ጻፍ፤ ዛፏን ተውልኝ።»

ገጹን ቀድጄ ሰጠኋቸው። አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት፤ እኔም ያቀረቡልኝን እርጎ ጠጥቼ፣ ተመርቄ፣ መነጽሬን ተሸክሜ ወጣሁ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር የሄድኩት።

ከእናንተም መሃል ቢጫ ግንባሯን ለማየት የጓጓ አይጠፋም። ሰበታ ነው ያልኳችሁ? ቡራዩም ሊሆን ይችላል። ሱሉልታም ዝግባ አይጠፋም። ኦቦ ደቻሳም ስማቸው ደቻሳ አይደለም።