የአያ ሙሄ ወረፋ

ደረሰኝ የከፈልነውን ሁሉ የሚጽፍ ይመስለናል። የእድሳት ይህን ያህል፣ የአገልግሎት ይህን ያህል፣ ድምሩ ይህን ያህል፤ ከሥሩ ማኅተም። እኔም እንደ እናንተው በደረሰኝ የማምን ሰው ነበርኩ። ፈቃድ ማደስ በስልክ ሆነ ከተባለ ወዲህማ እምነቴ ጠነከረ። «ነገ ተመለስ» የለ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የለ፤ ቤት ውስጥ ጋደም ብሎ አውራ ጣትን ማንቀሳቀስ ብቻ። ይህን የመሰለ ነገር የሚጠላ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ለካስ ነበር። ያውም ጎረቤቴ።

አያ ሙሄ ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለችው የሰፋሪዎች መንደራችን ወፍጮ ቤት አላቸው። በደርግ ጊዜ ከወሎ ሲመጡ ጎረምሳ ነበሩ አሉ፤ ዛሬ ዱቄቱ ይሁን ሽበቱ የማይለይ ጢም አላቸው። እኔ ደግሞ ሥራ ከጎጃም አምጥቶ እዚህ የጣለኝ አስተማሪ ነኝ። ስልክ በመነካካት የመንደሩ አዋቂ ተብዬ ተሹሜያለሁ። ሿሚው ራሴ ነኝ።

አያ ሙሄ በየዓመቱ ታኅሣሥ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ የወፍጮ ቤታቸውን ፈቃድ ለማሳደስ አሶሳ ይሄዳሉ። የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ትኩስ ዳቦ በፌስታል ይዘው ነው የሚሄዱት። ለመሆኑ ፈቃድ ሊያሳድስ የዒድ ልብስ የሚለብስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ግን አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ኖሮ ያቺን በዓመት አንዴ የምትመጣ ቀናቸውን ባልቀማኋቸው ነበር።

አምና ኅዳር ሊያልቅ ሲል ወፍጮ ቤታቸው ቁጭ ብዬ፣ «ዘንድሮ አሶሳ መሄድ የለም፤ እዚሁ በስልክ እጨርስልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ተወው መምህር፣ እኔው እሄዳለሁ።»

«ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሊቆሙ?»

«ብቆምስ? በዓመት አንድ ቀን ናት እኮ። ደሞም እዚያ የምንገናኝ ሰዎች አለን።»

ስልክ አለማወቃቸው አሳፍሯቸው የፈጠሩት ሰበብ መሰለኝና ሳቅሁ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የተባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። የፈቃዱን ወረቀት ከግድግዳው አውርጄ ፎቶ አነሳሁ፣ ሞላሁ፣ ክፍያውንም ከራሴ ስልክ ላክሁ። አያ ሙሄ ደግሞ ይሉኝታ የሚገድላቸው ሰው ናቸው፤ ደግ ልሥራልዎት ያለን ሰው እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። «አላህ ይስጥህ» አሉኝ። ድምፃቸው የምስጋና እንዳልነበረ የገባኝ ኋላ ነው።

በስልክ አለቀ የተባለው ነገር ግን ማኅተም ቀረው። የታተመውን ወረቀት ማኅተም ሊያስመታ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ደግነቴን ዳር ላድርሰው ብዬ፣ ለእሳቸውም ሳልነግር፣ ራሴ ሄድኩ። ቀኑም ያው የታኅሣሥ ሰኞ ነበር።

በመስኮቱ ፊት ረጅም ሰልፍ አለ። መሐል ላይ ነጭ ጀለብያ የለበሱ አንድ የበርታ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ከፊታቸው የአንድ ሰው ባዶ ቦታ፣ ባዶው ቦታ ላይ ድንጋይ። ወረፋ በድንጋይ መያዝ የአገር ሕግ ነውና ማንም አልገባበትም። ሰልፉ አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ወደፊት ይገፉና ወገባቸውን ይዘው ቀና ይላሉ። ከኋላ አንዱ፣ «አባባ፣ ድንጋይ ፈቃድ አያሳድስም» ብሎ ቀለደ።

«ይሄ ቦታ የሙሄ ነው» አሉ። «ሙሄ ይመጣል። ሁሉ ዓመት ይመጣል።»

ስሙን ስሰማ ደስ አለኝ። «የወፍጮ ቤቱ አያ ሙሄ? እሳቸውማ በስልክ ጨረሱ! ከእንግዲህ አይመጡም!» ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። እንደ ምሥራች ነው የነገርኳቸው።

ሽማግሌው ወረቀቱን አላዩትም። «ሙሄ ታመመ?»

«ኧረ ደህና ናቸው።»

«ደህና ነው። ግን አይመጣም?»

«መምጣት አያስፈልጋቸውም።»

«ኸላስ፣ አበቃ» አሉ ቀስ ብለው። ድንጋዩን አንስተው ግድግዳው ሥር አስቀመጡት። ከዚያ ከጀለብያቸው ኪስ የተቆላ ለውዝ የተቋጠረበት ጨርቅ አውጥተው ሰጡኝ። «ለሙሄ ስጥ። ሐሚድ ነው በል።»

አያ ሙሄ ቋጠሮውን ሲያዩ ወፍጮውን አጠፉ። ሐሚድ ማን እንደሆኑ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በሰፈራው የመጀመሪያ ክረምት አያ ሙሄን ወባ ጥሏቸው ሲንቀጠቀጡ፣ ቋንቋ ለቋንቋ ሳይግባቡ፣ በአህያቸው ጭነው ጤና ጣቢያ ያደረሷቸው ሰው ናቸው። በኋላ ልጆቻቸው ወዳሉበት ከመንጌ ማዶ ተሻገሩ። ስልክ የላቸውም። ለውዝና ሰሊጥ ስለሚነግዱ ፈቃድ ለማሳደስ በዓመት አንዴ አሶሳ ይመጣሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ለሌላው ድንጋይ ያስቀምጣል። ዳቦና ለውዝ እየተቃመሱ፣ የሞተውንና የተወለደውን ሲጠያየቁ ይውላሉ። ሰው ሁሉ ሰልፉ እንዲያጥር ሲለምን፣ ሁለቱ እንዲረዝም ዱዓ ሳያደርጉ አልቀሩም።

«ምን አልከው?» አሉኝ።

«ከእንግዲህ አይመጡም አልኳቸው።»

አያ ሙሄ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንዲት ፍሬ ለውዝ ፈልፍለው፣ ሳይበሏት ብዙ ጊዜ ያዟት። ወደ መንጌ በሚሄዱ ነጋዴዎች «ሙሄ ለከርሞ ይመጣል» ብዬ መልእክት ላክሁ፤ ይድረስ አይድረስ የነገረኝ የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ዘንድሮ ሰኞዋ ስትደርስ የዒድ ልብሳቸውን ለበሱ። ዳቦውን እኔ ያዝኩ። ስንደርስ ሰው የለም፤ መስኮቱ ተዘግቶ «አገልግሎቱ በኦንላይን ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

«አባቴ፣ እዚህ ከእንግዲህ ወረፋ የለም» አላቸው ጥበቃው።

«ላይኖር ይችላል» አሉና ከግድግዳው ሥር ድንጋይ መርጠው መስኮቱ ፊት አስቀመጡ። እሳቸው ከኋላው ቆሙ፣ እኔ ከእሳቸው ኋላ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆምን፤ ማንም አልመጣም። ዳቦውን ለጥበቃው ሰጡና፣ «ድንጋዩን እንዳታነሳብኝ፣ አደራ» አሉት።

ፈቃዱን ያው እኔ በስልክ አደስኩላቸው፤ ሌላ መንገድ የለማ። ደረሰኙ ወዲያው መጣ፦ «አገልግሎትዎ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል»። ክፍያዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ሐሚድ የሚል ግን የለበትም።

ገበያ ስሄድ በዚያ በኩል ማለፍ ልማዴ ሆኗል። ጥበቃው አደራ አይበላም፤ ዙሪያውን እየጠረገ ድንጋዩን ይተወዋል። እስከ ትናንት ድረስ እዚያው ነበር። ወረፋው ግን አልተንቀሳቀሰም።